እኩል የመዘኑ ኬሻዎች

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምታነቡት ጥፋት ሁሉ ከፍርሃት የመጣ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከሞተ ወዲህ የሐይቅ ከተማን አስፋልት ብቻዬን ለመሻገር እንኳ ሁለት ጊዜ አስባለሁ። ባጃጅ እፈራለሁ። ስልክ ሳላስበው ሲጮህ እፈራለሁ። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ከተማ ውስጥ ሲጨፍር እኔ ጨውና ጋዝ ገዝቼ ቤቴ ገብቼ በሬን የዘጋሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ይህን በእጄ ጽፌ ልጄ ራሕመት ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን አስተካክላልኛለች። ሌላውን አትንኪ ብያታለሁ።

ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። ማሳችን ከላይ ድንጋይ ይበዛዋል፤ ከታች ደግሞ ምንጭ ስለሚያልፍበት አፈሩ በጋም እርጥብ ነው። ራሕመት አንድ ልጄ ናት። ደሴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ እፅዋት ተማረች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ምርምር የሚሆን መሬት ስትፈልግ፣ "የአባቴ ማሳ እያለ የት እሄዳለሁ?" ብላ መጣች።

"እማ፣ ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም" አለችኝ። "ሚያዝያ ላይ ማሽላ ትዘሩ የነበራችሁት አሁን ሰኔም ድረስ ሰማይ ታያላችሁ። ዝናብ ሲዘገይ የትኛው ማሽላ እንደሚችል ማወቅ እፈልጋለሁ።"

አምስት ዓይነት መረጠች። አራቱ የኛው ናቸው፤ ወተት በጉንጬ፣ ጅጉርቲ፣ ዘንጋዳና ጥንቅሽ። አምስተኛው ከምርምር ጣቢያ የመጣ ምርጥ ዘር ነው። ማሳውን በገመድ ለክታ አሥራ አምስት መደብ አወጣች። በየመደቡ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ተከለች። እያንዳንዱን ዓይነት ደግሞ ሦስት ቦታ በታትና ዘራችው።

"ልጄ ምን ነካሽ? ዘንጋዳውን ከዘንጋዳ ጋር አታደርጊውም?" አልኳት።

"ዘንጋዳውን ሁሉ ከታች ብዘራው፣ የረዳው ዘሩ ይሁን እርጥበቱ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ሁሉም ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ይቅመስ።"

"ይህማ ሦስት እህትማማቾችን አንዷን ደጋ፣ አንዷን ወይናደጋ፣ አንዷን ቆላ ድሮ ማን እንደምትበረታ ማየት ነው።"

ሳቀችና ያልኩትን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ጎረቤታችን አያ ሙሄ በዚህ ሥራ ብዙ ይቀልዱ ነበር። አያ ሙሄ የመንደሩን ደቦ የሚመሩ፣ አንዲት አሮጌ ባጃጅም ያለቻቸው አዛውንት ናቸው። ራሕመት በሌላ አገር ከጥንቅሽ አገዳ ጭማቂ ነዳጅ እንደሚሠራ ስትነግራቸው፣ "እንግዲህ ባጃጄ ጥንቅሽ ልትመጥ ነዋ" አሉ። "መጣ ስትጨርስ ምጣጩን መንገድ ላይ እንዳትተፋብኝ ብቻ።"

ራሕመት ወደ ደሴ ስትመለስ የተናገረችኝ አንድ ነገር ነው። "አጨዳው ሲደርስ እኔ እመጣለሁ። እኔ ሳልኖር አንድ ዘለላ እንዳይቆረጥ። የእያንዳንዱ መደብ ምርት ለየብቻው ካልተመዘነ የሁለት ዓመት ድካሜ ከንቱ ነው። አማና ነው፣ እማ።"

አማና ማለት እኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ሰው ያስቀመጠብሽን ነገር በአላህ ፊት ተቀብለሽ መጠበቅ ማለት ነው።

ማሽላው ደርቆ ለአጨዳ ሲደርስ ጦርነቱም ደረሰ። ከወልድያ ወዲህ ወረደ ይባል ጀመር። ስልክ አልያዝ አለኝ። ማክሰኞ ዕለት ምናልባት ከተማ ላይ ይሠራ ይሆናል ብዬ ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ስልክ ወደ ሰማይ ካነሱ ብዙ ሰዎች መሃል ቆሜ ዋልኩ። የራሕመት ስልክ አንድም ጊዜ አልጠራም። አስር ሶላት ሲደርስ ተስፋ ቆርጬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዳገቱን ወጥቼ ማሳዬን ሳይ ማሽላ የለም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ተዘረፍኩ የሚል ነበር። ቀጥሎ ሳቅ ሰማሁ። አውድማው ላይ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ይጫወታል። አያ ሙሄ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደኔ መጡ።

"አብሽሪ ሐዊ" አሉኝ፣ ስሜን አቆላምጠው። "ብቻዋን ናት፣ ልጇም መንገድ ተዘግቶባት ይሆናል ብለን ከሁላችን ማሳ በፊት ያንቺን አስቀደምን። ጦሩ ቢመጣ እንኳ ማሳ ላይ አያገኘውም።"

ከኋላቸው ክምሩ ይታየኛል። አሥራ አምስቱ መደብ አንድ ላይ፣ አንድ ትልቅ ክምር ሆኗል። የላዩ ከታቹ፣ ቀዩ ከነጩ ጋር ተደባልቋል። ከጎኑ የራሕመት ችካሎች ተለቅመው በአገዳ ልጥ ሸጋ ሆነው ታስረዋል።

"እነሱንም አልጣልናቸውም" አሉኝ አያ ሙሄ። "ለማገዶ ይሆኑሻል።"

ምን ልበላቸው? ሠላሳ ሰው የራሱን ማሳ ትቶ፣ መድፍ ይመጣል በተባለበት ቀን፣ ለኔ ሲያጭድ ውሏል። "አላህ ይስጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ" አልኩ። ዱዓ አደረግሁላቸው። ዱዓው ከልቤ ነበር።

ሁሉም ሲሄድ ወርቄ ቀረች። ወርቄ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነን።

"ፊትሽ አመድ መስሏል። ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ወርቄ ክምሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

"ለቅሶ እንደመጣ ሰው ምን ያስቀምጥሻል? አንቺ ዘንጋዳንና ጅጉርቲን ዓይንሽን ጨፍነሽ በእጅሽ ትለያለሽ። ተነሽ እንልቀመው።"

ረቡዕን ሙሉ ለቀምን። ዘንጋዳ ቀይ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ስለሚያድግ ዘለላው እንደ መንጠቆ ይጎብጣል። ጥንቅሽ ብትን ያለ ነው። ወተት በጉንጬ ፍሬው ሲደርቅ እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ስርጉድ ይላል፤ ጅጉርቲ ግን ሙሉ ነው። ጅጉርቲና ወተት በጉንጬ ከሩቅ ያሳስታሉ፤ የተጠራጠርኩትን በጥርሴ እሰብረው ነበር። ወተት በጉንጬ ይጣፍጣል።

"ይሄ ምርጥ ዘር የሚሉት ግን ወታደር ነው" አለች ወርቄ፣ ዘለላዎቹን እየደረደረች። "ሁሉም አንድ ቁመት፣ ሁሉም አንድ ፊት። እናት የሌለው ይመስላል።"

ከሩቅ፣ ከሰሜን በኩል፣ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ነጎድጓድ አለመሆኑን እናውቃለን። ድምፁ ሲመጣ ዝም እንላለን፤ ሲያልፍ ወርቄ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ሐሙስ ጠዋት አምስቱን ክምር ለየብቻ በዱላ ወቅተን አነፈስን። ወርቄ ከብቶቿን ልታጠጣ ሄደች። እኔ አምስት የእህል ክምርና ራሕመት ቁጥር ጽፋ የተወችልኝን አሥራ አምስት ባዶ ኬሻዎች ይዤ ቀረሁ። የትኛው ቁጥር የየትኛው ዘር እንደሆነ ራሕመት ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ላይ አለ፤ ያን አነበብኩ። ከዘንጋዳው ክምር ከላዩ መደብ የመጣው ስንት፣ ከታቹ የመጣው ስንት እንደሆነ ግን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

ተቀምጬ አሰብኩ። ልጄ መጥታ ባዶ ኬሻ ስታይ፣ የሁለት ዓመት ድካሟን እናቷ ከተማ ለከተማ ስትዞር እንዳስበላችው ስትሰማ ታየኝ። ቁናዬን አነሳሁ። እያንዳንዱን ክምር ሦስት ቦታ እኩል አካፈልኩት። አንድ ቁና ለላዩ፣ አንድ ለመሃሉ፣ አንድ ለታቹ፤ የተረፈውንም በእፍኝ። ለማንም ሳላዳላ።

እመኑኝ፣ በዚያች ሰዓት ውሸት የሠራሁ አልመሰለኝም። አባት ትቶት የሞተውን ለሦስት ልጆች የማካፍል ነበር የመሰለኝ። የኬሻዎቹን አፍ ሰፍቼ ሳቆማቸው እንዲያውም ደስ አለኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ራሕመት ደረሰች። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ አግኝታ ነው። ከስታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። አቅፋኝ ሳትጨርስ ማሳውን አየችና እጇ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ።

"አጨዱት?"

"ጎረቤት በደቦ ረዳኝ። ያው ኬሻው ሁሉ በየቁጥሩ አለ።"

ሁለቱም ነገር እውነት ነው። ውሸቱ በሁለቱ መሃል ነው ያለው።

ኬሻዎቹን ስታይ እንደ ልጅነቷ ዘለለች። ግንባሬን፣ እጄን ሳመች። "እኔኮ መንገድ ሙሉ ስጨነቅ ነበር። እናቴ እያለች ምን አስጨነቀኝ?" አለች። ያን ጊዜ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

የሚሰቀል ሚዛን ይዛ መጥታ ነበር። አያ ሙሄ ሚዛኑን ያዙላት፤ እሷ ታነባለች፣ ትጽፋለች። የጅጉርቲ የመጀመሪያው ኬሻ ተመዘነ። ሁለተኛው ያው ሆነ። ሦስተኛውም ያው። ወደ ዘንጋዳ ሄደች። እኩል። ግንባሯ ተቋጠረ። ሚዛኑን ፈትታ በእጇ ነቀነቀችው፣ ከቦርሳዋ ክብደቱን የምታውቀውን ብረት አውጥታ ሰቀለችበት። ሚዛኑ ልክ ነው።

"ይሄ እንዴት ይሆናል? ከላይ ድንጋዩ ላይ ያለውና ምንጩ ጋ ያለው እንዴት አንድ ይሆናል?" እያለች ለብቻዋ ታወራለች። "ምናልባት ዘንድሮ ታች ውኃ በዝቶበት ይሆናል። ምናልባት እንደገና አፈሩን ማየት አለብኝ።"

እናቷን ከመጠርጠር ሚዛኑን ጠረጠረች፤ ከዚያ ዝናቡን ጠረጠረች፤ ከዚያ አፈሩን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰፌድ እየያዝኩ አስቀምጣለሁ፣ እየያዝኩ አስቀምጣለሁ።

አያ ሙሄ ግን፣ ክምሩን የደባለቁት ራሳቸው መሆናቸው ትዝ እንኳ ሳይላቸው፣ ደስ ብሏቸዋል። "ወተት በጉንጬ ከላይም ከታችም እኩል ሰጠ ነው የምትይኝ?"

"ሚዛኑ እንደዚያ ነው የሚለው፣ አያ።"

"እንግዲያው ያን የድንጋይ ማሳዬን ለከርሞ ሙሉ በሙሉ በሱ ነው የምሸፍነው። ሌላ ዘር ምን ያደርግልኛል? ምርምር ካለ አለ ነው።"

አያ ሙሄ ቤት ስምንት ነፍስ ነው የሚበላው። ያ የድንጋይ ማሳ ከዓመት ቀለባቸው ግማሹ ነው። እኔ በቁና ያካፈልኩትን አምነው ሊዘሩ ነው።

ያን ቀን ግን አፌን መክፈት አቃተኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ራሕመት ደብተሩንና ከየኬሻው የወሰደችውን የዘር ናሙና ይዛ ወደ ደሴ ልትመለስ ተነሳች። መንገዱ ዛሬ ነገ ይዘጋል ይባላል። አብረሽኝ ነይ ብላ ለመነችኝ፤ ቤቴን ጥዬ አልሄድም አልኩ። አስፋልቱ ድረስ ልሸኛት አብሬያት ወረድኩ። መንገድ ላይ ስለ ውጤቱ ነው የምታወራው። ለመምህሯ ምን እንደምታስረዳ፣ የመንደሩን ሰው ሰብስባ ምን እንደምትነግር። "ተዳፋት ላይ ላሉ ገበሬዎች ይሄ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፣ እማ" ትለኛለች። እኔ እግሬን እያየሁ እሄዳለሁ።

አስፋልቱ ላይ ብዙ ሰው ዕቃውን ይዞ ቆሟል። አንድ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ "ደሴ፣ አንድ ሰው፣ የመጨረሻ" አለ። ራሕመት ጉንጬን ሳመችኝና አንድ እግሯን አስገባች።

ሻሿን ይዤ ሳብኳት።

"ውረጂ።"

"እማ፣ የመጨረሻ ነው እያለ ነው።"

"ውረጂ አልኩሽ።"

ረዳቱ "እናት፣ ወይ ትግባ ወይ ትውረድ፣ አታስቁሙን" አለኝ። ወረደች። ሚኒባሱ በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጫት ሁሉንም ነገርኳት። ደቦውን፣ ክምሩን፣ ወርቄን፣ ቁናውን። ስናገር ሐይቁን ነበር የማየው። ጨርሼ ሳያት ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ደክሟታል።

"ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

"አንቺን።"

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። "እኔን ትፈሪያለሽ? እኔን፣ ራሕመትን?"

"ደብተር የያዘ ሰው ሁሉ ያስፈራኛል። አንቺ ደብተር ስትይዢ ልጄ መሆንሽ ይጠፋኛል" አልኳት። ይህን ከዚያ በፊት ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ትናንት በደስታ የጻፈችውን ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከሥሩ ጻፈች። አጠገቧ ስለነበርኩ አነበብኩት፤ "አጨዳው ተቀላቅሏል። የየመደቡ ምርት አልታወቀም።"

"የኔን ስም አትጽፊም?"

"የማንም ስም አልጽፍም። አላወቅንም ብሎ መጻፍም ሥራ ነው፣ እማ። ያላወቁትን አወቅን ማለት ነው የሚያጠፋው።" ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። "ዘሩስ? ዘሩም ተደባልቋል?"

"ወላሂ ዘሩን አንድ በአንድ ነው የለየነው።"

አላመነችኝም፤ ልክ ናት። ናሙናዎቹን አውጥታ ሻሿን ሣሩ ላይ አነጠፈችና ተራ በተራ እየዘረገፈች በጣቷ ፈተሸች። ሰው ከጦርነት ሊሸሽ በተሰለፈበት መንገድ ዳር እኔና ልጄ ማሽላ እንለቅማለን። ከጅጉርቲው ውስጥ አንዲት ቀይ የዘንጋዳ ፍሬ አውጥታ አሳየችኝ።

"ይቺ የማን ናት?"

"የወርቄ ናት" አልኩ።

ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በፊት ለስንት ጊዜ እንዳልሳቅሁ አላውቅም።

አልሐምዱሊላህ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የጭነት መኪና ጋቢና አግኝታ ሄደች። መኪናው ከዓይኔ ሲጠፋ ቀጥ ብዬ አያ ሙሄ ቤት ሄድኩ፤ ቤቴ ከገባሁ ፍርሃቴ ተመልሶ እንደሚይዘኝ አውቅ ነበር። ነገርኳቸው።

"እኛ ነን ያበላሸነው በይኛ።"

"እናንተ በጎ ነው የሠራችሁት። በቁና ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"አይ ሐዊ" አሉኝ። "ያን የላዩን ድንጋይ አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። አንድ ቀን እንደ ታቹ ሰጥቶ አያውቅም። ክምሩን የደባለቅሁትም እኔው ነኝ፤ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሳይ ግን የገዛ ዓይኔን ተውኩት። ከሁለታችን ሞኙ እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። የነበረብንን ፍርሃት እዚህ አልዘረዝርም፤ የዚህ አገር አንባቢ ሁሉ የራሱ አለው። እህሉን ከወርቄና ከአያ ሙሄ ቤተሰብ ጋር ተካፍለን በላነው። ለዘር የሚሆነውን ግን አምስቱንም ለየብቻ በቅል አድርጌ አፉን በጭቃ ደፍኜ ደበቅሁት። ረኃቡ ሲበረታ ወርቄ፣ "ወተት በጉንጬዋ ትጠራኛለች" እያለች ታስቀኝ ነበር። አልነካናትም። ጦሩ ሲያልፍ ራሕመት መጣች። እሷ ደሴ ወስዳ ያስቀመጠችው ዘር አንድም አልቀረም ነበር። ቅሎቹን ፊቷ ስደረድርላት አንዱን አንስታ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ያዘችው።

እናንተ ከእናንተ በላይ የተማረ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ልጃችሁ የምታውቀውን አለማወቅ ነውር አይደለም። እኔን ለሦስት ቀን ያሰቃየኝ አለማወቄ አልነበረም፤ የማውቀውን መደበቄ ነው። አሁንም ፈሪ ነኝ። ባጃጅ አሁንም እፈራለሁ። ልጄን ግን ከዚያች የመንገድ ዳር ወዲህ ፈርቻት አላውቅም፤ እሷም አንድ ነገር ሲበላሽባት መጀመሪያ የምትደውለው ለኔ ነው።

ምርምሩ እንደገና ተዘራ። አጨዳው ሲደርስ ያው ደቦ ተጠራ፤ ያው ሠላሳ ሰው መጣ። በዚህኛው ግን በየመደቡ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ አንድ ኬሻ ተመደበ። አያ ሙሄ ከላይ ቆመው ያዛሉ። "የሰባት ቁጥር ሰው፣ እግርህን ከስድስት አውጣ። ወርቄ፣ ምን ትስቂያለሽ፣ ያንቺ ዘንጋዳ ጅጉርቲ ቤት ገባች እኮ።" ወርቄም፣ "ሰርግ ሄዳ ነው" ትላቸዋለች።

ከየመደቡ የታጨደው ለየብቻው ተወቃ፣ ለየብቻው ታሰረ። የላዩ የድንጋይ መደብ ወተት በጉንጬ ሲመጣ ኬሻው ግማሹም አልሞላ፤ በአንድ እጄ አንስቼ ሰቀልኩት። አያ ሙሄ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስንት ይላል፣ እማ?" አለች ራሕመት፣ እስክሪብቶዋን ይዛ። አሁን ሚዛኑን የማነበው እኔ ነኝ። ጠጋ ብዬ አየሁና ያየሁትን ነገርኳት።